ቨርዥን ሲቀየር ሴሽን ለምን ይጠፋል?



ዛሬ የምናገረው ኮድ በሚጽፍና ሰርቨር በሚያስተዳድር ሰው ላይ ዛሬም ባይሆን ነገ ስለሚደርስ ነገር ነው። ፒኤችፒ የተባለው የድረ ገጽ ቋንቋ ከአሮጌ ቨርዥን ወደ አዲስ ይሻገራል። ገጹ ይከፈታል፤ ምስሉም ጽሑፉም በቦታው ነው። ተጠቃሚው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ያስገባል፤ ሲስተሙም ይቀበለዋል። ቀጣዩን ገጽ ሲከፍት ግን «እባክዎ ይግቡ» የሚል ጽሑፍ እንደገና ይገጥመዋል። ለመግዛት የመረጠው ዕቃ የለም፤ ግማሽ ድረስ የሞላው ቅጽ ባዶ ሆኗል። ስልክ መደወል ይጀምራል፤ አለቃም ይቆጣል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የመጀመሪያ ትእዛዝም «ወደ ድሮው መልሱት» የሚል ነው።

ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። እንዲህ ካለው ብልሽት አብዛኛው አዲሱ ቨርዥን ያመጣው አይደለም። የድሮው ቨርዥን ሳንጠይቀው ሲውልልን የኖረውን ውለታ አዲሱ አቁሞታል፤ ኮዳችን ግን ያንን ውለታ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ስለዚህ መላ ፍለጋው መጀመር ያለበት «ኮዴ በምን ላይ ተደግፎ ነበር?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ የያዘ ሰው በግማሽ ቀን የሚጨርሰውን ሥራ፣ ጥያቄውን ያልያዘ ሰው ሳምንት ይደክምበታል።

ከመሠረቱ ልነሳ። ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ ያለፈውን አያስታውስም። አንድ ገጽ ጠይቃችሁ መልስ ካገኛችሁ በኋላ ቀጣዩን ስትጠይቁ ሰርቨሩ ቅድም የመጣችሁት እናንተ መሆናችሁን አያውቅም። ይህን ክፍተት ለመድፈን በ1994 የኔትስኬፕ ባለሙያ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ኩኪን ፈጠረ፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ኩኪ ሰርቨሩ ለብራውዘሩ የሚሰጠው፣ ብራውዘሩም በየጥያቄው መልሶ የሚያሳየው አጭር ጽሑፍ ነው። የፒኤችፒ ሴሽን የቆመው በዚህ ላይ ነው። ሱፐርማርኬት በር ላይ ቦርሳ አስረክባችሁ ቁጥር እንደምትቀበሉ ቁጠሩት፤ ቁጥሩ እናንተ ጋ፣ ቦርሳው እነሱ ጋ ይቆያል። ቁጥሩ ፒኤችፒሴስአይዲ በሚባል ኩኪ ውስጥ ሆኖ ብራውዘሩ ዘንድ ይቀመጣል። ቦርሳው ደግሞ ሰርቨሩ ላይ ያለ ፋይል ነው፤ ስሙ «ሴስ» ብሎ ይጀምርና ያንኑ ቁጥር ያስከትላል።

እንግዲህ የሴሽን ችግር ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ቁጥሩ እየተመለሰ አይደለም፤ ወይ ቦርሳው ከቦታው የለም፤ ወይም ሁለቱም እያሉ ኮዱ የሚፈልገው ሌላ ቦታ ነው። ከሦስተኛው ልጀምር፤ ታሪኩ ረጅም ነውና።

ፒኤችፒን ራስመስ ሌርዶርፍ በ1994 ለራሱ ድረ ገጽ መገልገያ ብሎ ጀመረው፤ በ1995 ለሕዝብ ለቀቀው። ሴሽን የቋንቋው አካል ሆኖ የገባው ግን በሜይ 2000 በወጣው ፒኤችፒ 4 ነው። በዚያን ጊዜ «ሬጂስተር ግሎባልስ» የሚባል መቼት ነበር። በቅጽ የመጣውን፣ በአድራሻ የመጣውን፣ በኩኪ የመጣውን፣ በሴሽን የተቀመጠውን ሁሉ ለየብቻ ስም ያለው ቫሪያብል አድርጎ ለኮዱ ያቀርብ ነበር። ፕሮግራመሩ በአንዱ ገጽ «ሴሽን ሬጂስተር» በሚባለው ፈንክሽን የተጠቃሚውን ስም ያስመዘግባል፤ በሌላው ገጽ ቫሪያብሉን በስሙ ብቻ ይጠራዋል። ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያስፈልገውም። በጣም የተመቸ ነበር።

ምቾቱ ግን በር ከፍቶ ነበር። አንድ የአስተዳዳሪ ገጽ እንውሰድ። ኮዱ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሲያገኘው «ፈቃድ» የተባለውን ቫሪያብል 1 ያደርገዋል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ፈቃድ» 1 ከሆነ የአስተዳዳሪውን ገጽ ያሳያል። ትክክል ካልሆነ ግን ቫሪያብሉን 0 አያደርገውም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሬጂስተር ግሎባልስ በርቶ ከሆነ ማንም ሰው በአድራሻው ጫፍ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጎ «ፈቃድ» እኩል ይሆናል 1 ብሎ ቢጽፍ፣ ቋንቋው ራሱ ቫሪያብሉን ሠርቶ ያቀብለዋል። የይለፍ ቃል ሳያስገባ ገባ ማለት ነው። ሴሽን ይዞታል ብለን ያመንነውን ነገር አላፊ አግዳሚው በአድራሻ ሊጽፍልን ይችል ነበር።

የቋንቋው ሰዎች ይህን በር የዘጉት ቀስ በቀስ ነው። በዲሴምበር 2001 በወጣው 4.1 ለእያንዳንዱ ምንጭ የራሱ አሬይ ተሰጠው፤ የሴሽኑ ለብቻው፣ የቅጹ ለብቻው፣ የአድራሻው ለብቻው። በኤፕሪል 2002 በወጣው 4.2 ሬጂስተር ግሎባልስ በዲፎልት ጠፋ። በ2009 በወጣው 5.3 «ይቀራል፣ አትጠቀሙበት» ተባለ። በማርች 2012 በወጣው 5.4 ፈጽሞ ተወገደ፤ ሴሽን ሬጂስተርና ሁለቱ ዘመዶቹም አብረውት ሄዱ። ከመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ እስከ መጨረሻው ቀን አሥር ዓመት ተሰጥቶ ነበር።

ከ2012 በፊት የተጻፈ ኮድ እጃችሁ ከገባ መጀመሪያ የምትፈልጉት ይህንን ነው። ሁሉንም ፋይሎች በአንድ ፍለጋ አስሱና ሴሽን ሬጂስተር የተጠራበትን ቦታ ሁሉ መዝግቡ። ፈንክሽኑ የተጠራበት ገጽ በአዲሱ ቨርዥን ቀጥ ብሎ ስለሚቆም በቀላሉ ይገኛል። አስቸጋሪው ስሙን ብቻ ጠርቶ ከሴሽን ይመጣልኛል ብሎ የሚጠብቀው ገጽ ነው፤ እሱ ቫሪያብሉን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፣ «አልገባህም» ብሎም ተጠቃሚውን ይመልሰዋል። መፍትሔው አሰልቺ ቢሆንም ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱን ቫሪያብል ከሴሽኑ አሬይ በስሙ አውጡ፤ ስታስቀምጡም እዚያው አሬይ ውስጥ አስቀምጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። በየቦታው የሚመከር አቋራጭ አለ። «ኤክስትራክት» የሚባለውን ፈንክሽን በገጹ አናት ላይ አስቀምጦ ከውጭ የመጣውን ሁሉ ወደ ቫሪያብል መበተን ነው። በሁለት መስመር ገጹ ይነሳል። አብሮት ግን ያ አሥር ዓመት ፈጅቶ የተዘጋው በር ይከፈታል፤ በዚህ ጊዜ የከፈተው ቋንቋው ሳይሆን እኛ ነን። የሰው ስም፣ የሰው ገንዘብ፣ የሰው ማስረጃ በያዘ ሲስተም ላይ ይህን ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ወደ ቁጥሩ እንለፍ። ኩኪው የሚላከው በመልሱ ራስጌ ላይ ነው፤ ራስጌው ደግሞ ከገጹ ጽሑፍ በፊት ይሄዳል። ከገጹ አንዲት ፊደል፣ አንዲት ባዶ ቦታ እንኳ አስቀድማ ከወጣች ራስጌው ሄዷል፤ ኩኪ መላክ አይቻልም። «ሄደርስ ኦልሬዲ ሴንት» የሚለውን መልእክት የማያውቅ የፒኤችፒ ሰው ያለ አይመስለኝም። ታዲያ ኮዱ አልተነካም፤ ትናንት ሲሠራ የነበረ ዛሬ ለምን እንቢ አለ?

ሁለት ውለታዎች ቆመው ነው። አንደኛው «አውትፑት በፈሪንግ» ነው። ሰርቨሩ ላይ 4096 ባይት ተብሎ ተሞልቶ ከነበረ፣ ቋንቋው ጽሑፉን እዚያ ልክ እስኪደርስ ይዞ ያቆየው ነበር፤ ሾልካ የወጣች ባዶ ቦታ ጉዳት አታደርስም ነበር። አዲሱ ሰርቨር ላይ መቼቱ ካልተሞላ ዲፎልቱ 0 ነው፤ የወጣው ሁሉ ወዲያው ይሄዳል። ሁለተኛው በ7.2 የቆመ ነው። ከዚያ በፊት ራስጌው ሄዶም ቢሆን፣ ተጠቃሚው ቁጥሩን ቀድሞ ይዞ ከመጣ ሴሽኑ ይጀመርለት ነበር፤ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል እንጂ ሥራው አይቆምም። ከ7.2 ጀምሮ ራስጌው ከሄደ ሴሽን አይጀመርም። ለዓመታት ሎግ ውስጥ ሲጻፍ ማንም ያላነበበው ማስጠንቀቂያ በአንድ ሌሊት ብልሽት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በአማርኛ ገጽ የምንሠራ ሰዎች ለዚህ ችግር በይበልጥ እንጋለጣለን። ከግዕዝ ፊደል ጋር የሚሠራ ሰው ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ማስቀመጥ አለበት። የቀድሞው የዊንዶውስ ኖትፓድ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ስታስቀምጡ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ «ቦም» የሚባሉ ሦስት ባይቶች ይጨምር ነበር። በዓይን አይታዩም፤ ፋይሉን ከፍታችሁ ብትመረምሩ የመጀመሪያው ነገር የፒኤችፒ መክፈቻ ምልክት ሆኖ ታዩታላችሁ። ቋንቋው ግን ከምልክቱ በፊት ሦስት ባይት ያያል፤ ጽሑፍ ነው ብሎም ይልካቸዋል። ራስጌው ሄደ፤ ሴሽኑ ቀረ። መልእክቱ «በመስመር 1 ላይ» እያለ መስመር 1 ላይ ምንም ስሕተት ካላያችሁ ቦምን ጠርጥሩ። ፋይሉን ኢንኮዲንግ በሚያሳይ ኤዲተር ከፍታችሁ «ያለ ቦም» ብላችሁ አስቀምጡ። በተለይ የአማርኛ ቃላት የተሰበሰቡባቸውን የቋንቋ ፋይሎች ፈትሹ፤ በእጅ በብዛት የሚነኩት እነሱ ናቸው።

በ8.0 ላይ ደግሞ ሌላ ሰንሰለት አለ። ይህ በኖቬምበር 2020 የወጣው ቨርዥን ያልተሞላ ቫሪያብልን ወይም አሬይ ውስጥ የሌለ ስምን መጥራትን ከቀላል ማሳሰቢያ ወደ ማስጠንቀቂያ ከፍ አደረገው። ማሳሰቢያን ደብቆ ማስጠንቀቂያን የሚያሳይ ሰርቨር አሁን ገጹ አናት ላይ ይጽፈዋል። ያ ጽሑፍ ራሱ ከራስጌው ይቀድማል፤ ሴሽኑን ያስቀረዋል። ስለዚህ ለሕዝብ በተከፈተ ሰርቨር ላይ ስሕተት በገጽ አይታይ፤ ሁሉም ወደ ሎግ ይጻፍ፤ ሎጉም ይነበብ። ኮዱም ቫሪያብሉ መኖሩን ሳይጠይቅ አይጥራው።

አሁን ቦርሳው ጋ እንድረስ። አዲስ ቨርዥን ስትጭኑ የመቼቱ ፋይል አብሮ አዲስ ይሆናል። ኡቡንቱ ላይ ለእያንዳንዱ ቨርዥን የራሱ ፎልደር አለው፤ በዚያ ውስጥም ለአፓቺ፣ ለኤፍፒኤምና ለትእዛዝ መስመሩ የተለያዩ ፋይሎች አሉ። የድሮውን ፋይል እያረሙ «ለምን አይለወጥም?» ማለት የተለመደ ነው። የትኛው ፋይል እየተነበበ እንደሆነ «ፒኤችፒ ኢንፎ» ይነግራችኋል፤ ሳትጠይቁት ምንም አትለውጡ። ስትጨርሱም ገጹን ለሕዝብ ክፍት አትተዉት። ሴሽኑ የሚቀመጥበት ፎልደርም የመጻፍ ፈቃድ ይፈልጋል። ከአፓቺ ወደ ኤንጂንኤክስና ኤፍፒኤም አብራችሁ ከተሻገራችሁ ፒኤችፒን የሚያንቀሳቅሰው የሲስተም ተጠቃሚ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ፎልደሩ የድሮውን ያውቃል፤ አዲሱን «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይለዋል።

በአዲሱ መቼት ውስጥ አንድ ቁጥር አለ፤ 1440። ሰከንድ ነው፤ 24 ደቂቃ ማለት ነው። ያን ያህል ጊዜ ያልተነካ ሴሽን ለጠራጊው ይሰጣል። ከእናንተ በፊት የነበረው ባለሙያ ይህን ወደ ሁለት ሰዓት ከፍ አድርጎት ከነበረ፣ አፕግሬዱ ሳይነግራችሁ ወደ 24 ደቂቃ መልሶታል። ጠዋት ፈትናችሁት ይሠራል፤ ረጅም ቅጽ የሚሞላው ሰው ግን ይጠፋበታል። በአገራችን ኔትወርክ እየተቆራረጠበት፣ ማስረጃ በስልክ ፎቶ እያነሳ፣ ያላወቀውን ጥያቄ ሰው እየጠየቀ ቅጽ የሚሞላ ሰው ከ24 ደቂቃ በላይ ቢወስድበት አያስገርምም። ልኩን በተጠቃሚያችሁ ኑሮ ለኩት።

አሁን የምነግራችሁን በሌላ ቋንቋ የተጻፉ መመሪያዎች ብዙም አያነሱትም፤ የእኛን ፊደል የሚመለከት ነውና ልብ በሉልኝ። የሴሽን ፋይል ስትከፍቱ ውስጡ እንዲህ ነው፤ የቫሪያብሉ ስም፣ ቁም መስመር፣ ጽሑፍ መሆኑን የሚነግር አንድ ፊደል፣ ርዝመት፣ ከዚያ በጥቅስ ውስጥ ዋጋው። ዋጋው «አበበ» ከሆነ ርዝመቱ 9 ተብሎ ይጻፋል። ፊደሉ ሦስት ሆኖ ሳለ 9 የሆነው የሚቆጠረው ባይት ስለሆነ ነው፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል።

አንዳንድ ሲስተም ሴሽንን በፋይል ፋንታ በዳታቤዝ ሠንጠረዥ ያስቀምጣል። በ7.0 የድሮዎቹ የማይኤስኪውኤል ፈንክሽኖች ስለተወገዱ የዳታቤዝ ግንኙነቱ እንደገና ይጻፋል። የድሮው ግንኙነትና ሠንጠረዡ ሁለቱም ላቲን-1 ከነበሩ ባይቶቹ ሳይነኩ ያልፉ ነበር። አዲሱ ግንኙነት ዩቲኤፍ-8 ሆኖ ሠንጠረዡ ላቲን-1 ከቀረ፣ ጥብቅ ያልሆነ ዳታቤዝ እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ርዝመቱ 9 ይላል፤ ያለው ሦስት የጥያቄ ምልክት ነው። ቋንቋው ማንበብ ያቅተዋል፤ ሴሽኑንም ይጥለዋል። ውጤቱ ምን ይመስላል? ስሙን በላቲን ፊደል ያስመዘገበ ተጠቃሚ ያለ ችግር ይሠራል፤ በአማርኛ ያስመዘገበው ብቻ እየወጣ ይቸገራል። የፈተና ስማችን ሁልጊዜ «ቴስት» ወይም «አድሚን» በላቲን ከሆነ ይህን መቼም አናየውም። ስለዚህ ፈተናችሁን በአማርኛ ስም አድርጉ። ሠንጠረዡንም ግንኙነቱንም ዩቲኤፍ-8-ኤምቢ-4 ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

ዳታቤዝ የሚጠቀም የራሳችሁ የሴሽን አንባቢ ካላችሁ አንድ ነገር ጨምሩ። አዲስ ተጠቃሚ ሲመጣና መዝገቡ ሲታጣ አንባቢው ባዶ ጽሑፍ መመለስ አለበት። የድሮው ቨርዥን ምንም ባይመለስለትም ይቀበል ነበር። ከ7.1 ወዲህ ግን ማንበቡ ካልተሳካ ሴሽኑ አይጀመርም።

እንግዲህ መላው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት ትልቁን ሲስተም ተዉትና አንድ ትንሽ ገጽ ጻፉ። ሴሽን ይጀምር፤ አንድ ቁጥር ላይ አንድ ይደምር፤ ያሳይ። ደጋግማችሁ አድሱት። ቁጥሩ ከጨመረ ሴሽኑ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ኮዳችሁ ውስጥ ነው፤ የድሮዎቹን ቫሪያብሎች ፈልጉ። ካልጨመረ በብራውዘሩ ላይ ኤፍ-12 ተጭናችሁ ኩኪውን እዩ። የፒኤችፒሴስአይዲ ዋጋ በታደሰ ቁጥር የሚለወጥ ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለ ቁጥሩ እየተመለሰ አይደለም፤ ራስጌውን፣ ዶሜይኑን፣ በኤችቲቲፒኤስ ብቻ ይላክ የሚለውን መቼት መርምሩ። ዋጋው ሳይለወጥ ቆሞ ቆጠራው ግን ሁልጊዜ 1 ከሆነ ቦርሳው ጋ ሂዱ። ፋይሉ ከሌለ ፎልደሩንና ፈቃዱን እዩ፤ ፋይሉ ኖሮ 0 ባይት ከሆነ አልተጻፈበትም፤ ሞልቶ እያለ ገጹ ባዶ ከሆነ የንባብ ችግር ነው። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የለወጣችሁትንም ጻፉ። አምስት ነገር በአንዴ ተለውጦለት የዳነ ሲስተም የቱ እንዳዳነው አይታወቅም፤ በሚቀጥለው አፕግሬድም ባለሙያው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

«ወደ ድሮው መልሱት» ለሚሉን አለቆችም መልስ ሊኖረን ይገባል። ለአንድ ሌሊት መመለስ ነውር የለበትም፤ ሕዝብ እንዳይጉላላ ተመልሶ ማግስቱን መፈተሽ አዋቂነት ነው። እዚያው መቅረት ግን ሌላ ነው። 5.6 የደኅንነት ጥገና ያበቃለት በ2018 መጨረሻ ነው፤ 7.4 ደግሞ በኖቬምበር 2022። ከዚያ ወዲያ የሚገኝ ቀዳዳ በቋንቋው ባለቤቶች አይደፈንም። የሰው መረጃ የያዘ ሲስተም እዚያ ላይ ማቆየት ጉዳቱን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ነው።

ተማሪዎች፤ በየዕለቱ ኮድ ስትጽፉ ዲፎልት ላይ አትደገፉ። ሴሽኑ ምን ያህል ይቆይ፣ የት ይቀመጥ፣ ኩኪው በምን ሁኔታ ይላክ፣ ፊደሉ በምን ይጻፍ የሚለውን በራሳችሁ እጅ ጻፉት። ማስጠንቀቂያን አትደብቁ፤ የዛሬ ማስጠንቀቂያ የሚቀጥለው ቨርዥን ክልከላ ነው። እናንተ ባለሙያዎች ደግሞ አፕግሬድን በሙከራ ሰርቨር ሳትሞክሩ ሕዝብ ላይ አታውጡ፤ መሥሪያ ቤቶቻችሁም ለሙከራ ጊዜና በጀት እንዲሰጡ ደጋግማችሁ ጠይቁ። በእኛ ዘንድ አንድ ሴሽን ጠፋ ይባላል፤ ከማዶው ግን የከፈለበት የኢንተርኔት ሰዓት ያለቀበት፣ የምዝገባ ቀን ያለፈበት ሰው አለ። ያንን ሰው እናስብ፤ ሥራችንን የምንለካው በእሱ ይሁን።